የአባቴ 47 ፒክአፕ፦ 33 ጎማ ልግጠምላት ወይስ በ7.50 ልቀጥል? ስንትስ ልንሳት?

የማርቆሱ_ልጅ
ሰላም ጎበዝ እንዴት ሰነበታችሁ። እስካሁን እያነበብኩ ዝም የምል ሰው ነበርኩ ዛሬ ግን ቸግሮኝ ነው የመጣሁት። አባቴ ድሮ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ ያወጣት ላንድክሩዘር ፒክአፕ አለች፣ ኤችጄ 47፣ በፈረንጅ 1982 ሞዴል፣ ሞተሯ 2ኤች ናፍታ ባለ 6 ሲሊንደር፣ አራቱም እግር ባሌስትራ፣ አራቱም ፍሬን ታምቡር፣ ፓወር ስቲሪንግ የሚባል ነገር አታውቅም። አባቴ ዓይኑ ስለደከመ አምና ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ። ሞተሩ ላይ ቅሬታ የለኝም በደብረ ማርቆስ ብርድ ጠዋት በአንዴ ነው የምትነሳው።

ሥራዋ በበጋ ከራቡዕ ገበያ ድንች ማውረድ ነው፣ በክረምት ደግሞ እናቴ አገር ቢቡኝ እመላለሳለሁ። ችግሩ መንገዱ በሲኖና በአይሱዙ ጎማ ተቆፍሮ መሃሉ ጀርባ አውጥቷል፣ ዲፍረንሻሏ ይገጨዋል። ባለፈው ነሐሴ ማጥ ውስጥ ገብታብኝ ሌሊቱን ጋቢናዋ ውስጥ ነው ያደርኩት፣ ጠዋት በበሬ ነው ያወጡኝ። ያሉት 7.50 በ16 ጎማዎችም ጎናቸው ተሰነጣጥቋል መቀየራቸው አይቀርም።

እና ያሰብኩት 33 በ12.5 ጎማ (ቁመቱ 33 ስፋቱ 12.5 ኢንች) በባለ 15 ቸርኬ ገጥሜ 4 ኢንች ላነሳት ነው። ያየሁት ፎቶ አለ እንደዛ ሆና ሳስባት እንቅልፍ ይነሳኛል። አንድ ጋራዥ ጠይቄ ባሌስትራ እንጨምራለን የባሌስትራውን ማንጠልጠያ እናስረዝማለን በሁለት ቀን ትወስዳለህ ብለውኛል። ምን ትላላችሁ?

ላንድሮቨር_ናፋቂ
መጀመሪያ ፎቶ። ሁለተኛ ላንድሮቨር ብትገዛ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር 😄 ሌላ ጣጣ ነው የሚመጣው

ባህርዳር_ፎርዊል
ግጠም ወንድሜ አትፍራ! እኔ ቢጄ 42 አለኝ 285/75 በ16 ጭኜባት ወደ 6 ሳንቲም አንስቻታለሁ፣ አራት ዓመት ሆነኝ፣ ከመራዊ ወደ ውስጥ ያልገባሁበት መንገድ የለም። መልኳም ሌላ መኪና ነው የሆነችው ባጃጆቹ ራሳቸው መንገድ ይለቃሉ። ሰው ሁሉ ኦርጅናል ኦርጅናል ይላል፣ ኦርጅናሉ ለዛ ዘመን መንገድ ነው የተሠራው።

ጎሚስታ_ዘቡሬ
ሰላም ለሁላችሁ። ከ4 ኢንቹ በፊት ስለ ቸርኬው እንነጋገር ምክንያቱም ጠያቂው አልነገረንም እንጂ 47 ላይ የሚመጣው ቀለበት ያለው ቸርኬ ነው፣ 16 በ5.5፣ ከመነዳሪ (ውስጠኛው ላስቲክ) የሚገባበት። የኔም የዕለት እንጀራ እሱ ስለሆነ አልጠላውም፣ መንገድ ላይ ጎማ ፈቶ ለመለጠፍ ከሱ የሚቀል የለም፣ ሁለት ሌቨርና መዶሻ ይበቃዋል። ግን ቀለበቱና መቀመጫው ዝገት ከበላው ገዳይ ነው። ድሮ ስሠራበት የነበረ ቦታ ቀለበቱ በደንብ ሳይቀመጥ ነፋስ ሞልተው ተፈናጥሮ የቆርቆሮ ጣራ በስቶ ወጥቷል፣ የሥራ ባልደረባዬ እጁ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ጭንቅላቱ ቢሆን ኖሮ እዚህ አላወራውም። ከዛ ወዲህ በሰንሰለት ሳልጠመጥም አልሞላም፣ ነፋሱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣም ቀለበት አልነካም። እና የሆነ ሰው ያለሰንሰለት ልሙላልህ ካለህ ጎማህን ይዘህ ሂድ።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ 33 በ12.5 ጎማ ቢያንስ 8.5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። 285/75 ደግሞ 7.5። ያንተ 5.5 ነው ስለዚህ የግድ ቸርኬ መቀየር አለብህ። 7.50 በ16 ግን ባለህ ላይ ይገባል። ሌላው ማሰብ ያለብህ 7.50 በ16 የአይሱዙ ኤንፒአር ጎማ ነው፣ ቡሬ አለ ፍኖተ ሰላም አለ ሞጣ አለ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ቢፈነዳብህ አንዱን አይሱዙ ሹፌር ለምነህ ታገኛለህ። 33 በ12.5 ባለ 15 ቻግኒ መንገድ ላይ ቢቀደድብህ ግን ማንን ትጠይቃለህ? አዲስ አበባ ደውለህ በአውቶቡስ እስኪላክልህ መኪናህ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

የኤንፒአርን ጎማ እንጂ ቸርኬውን እንዳትገዛ ብሎኑ ሌላ ነው። አንድ ልጅ ገዝቶ መጥቶ አይቻለሁ።

የማርቆሱ_ልጅ
እሽ ቸርኬ መቀየሩንስ አስቤበታለሁ፣ የሚትሱቢሺ ኤል 200 ቸርኬ አሉሚኒየም የሚሸጥ ሰው አለ 6 ብሎን ነው ገባ ብሎኛል

ሰብለ_ዳንግላ
አይገባም! ብሎኑማ ልክ ነው ሁለቱም 6 በ139.7 ናቸው ግን የሚትሱቢሺ የመሃል ቀዳዳ 67 ሚሊ ነው፣ ያንተ ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት እምብርት) ከ100 በላይ ነው፣ ፊት ላይ ደግሞ በእጅ የሚዞረው የፎርዊል ሎክ አለ። ቸርኬው ሞዞው ላይ ቆሞ ይቀራል። ቶርኖ ቤት ወስደን እናስፋው እንዳትሉ ደግሞ፣ አሉሚኒየሙ መሃሉ ሲሳሳ ጭነት ይዘህ ስትወርድ ይሰነጠቃል።

ሰው ብሎን ብቻ ቆጥሮ ነው የሚገዛው። ብሎኑን ቁጠር፣ የመሃል ቀዳዳውን በካሊፐር ለካ፣ ከዛ ቸርኬው ከሞዞው ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚወጣ እይ። የዳዶውንም ጫፍ እይ፣ የብረት ቸርኬ ዳዶ ጫፉ ሾጣጣ ነው፣ ብዙዎቹ የቶዮታ አሉሚኒየም ቸርኬዎች ግን ረጅም አንገትና ዋሸር ያለው ዳዶ ነው የሚፈልጉት። ባልሆነ ዳዶ ያሰረ ሰው ጎማው ቀድሞት ሲሄድ ያየዋል።

የሚሆንህ የድሮው 75 ፒክአፕ ቸርኬ ነው፣ እሱ 6 ብሎን ነው። በፈረንጅ 1999 ከተቀየረ በኋላ ያለው 79 ግን 5 ብሎን ሆኗል አገር ምድሩን የሞላው እሱ ነው፣ ተሸውደህ እንዳትገዛ።

ባህርዳር_ፎርዊል
@ጎሚስታ_ዘቡሬ ጎማ ይቀደዳል ብለን እንፍራ እንዴ? ስኮርታ ለምን ተፈጠረ

ጎሚስታ_ዘቡሬ
አንድ ስኮርታ ለአንድ ጎማ ነው ወንድሜ ሁለተኛው ሲቀደድ ነው የምንተዋወቀው 😂 ደግሞ 33ቱ ካሶኒው ስር ያለው የስኮርታ ቦታ ይገባል? ካልገባ ድንቹ መሃል ልትጭነው ነው

ኤንትሬ_ነጂ
ጤና ይስጥልኝ ልጆች። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል ጽሑፌ ቢወላገድ ይቅር በሉኝ። ኤንትሬ (የድሮዋን የፊያት የጭነት መኪና) ነድቻለሁ፣ በኋላም ላንድክሩዘር ነድቻለሁ፣ ዓባይ በረሃን የወረድኩትን ቁጥር አላውቀውም። የማርቆሱ ልጅ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አራቱም ፍሬን ታምቡር ነው አልክ አይደል? ኸደጀን ተነስተህ ወደ ድልድዩ ስትወርድ ኸ2,400 ሜትር ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ነው የምትወርደው። ያን ቁልቁለት ፍሬን አይደለም የሚይዝህ ማርሽ ነው። ታምቡር ሲግል ፔዳሉ እየጠለቀ ይሄዳል ሽታው ጋቢና ሲገባ አንተም ታውቀዋለህ። አሁን አንተ ጎማውን ስታተልቀው ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። አንደኛ ትልቅና ከባድ ጎማ ለማቆም ያው የድሮው ሸራ ነው ያለህ። ሁለተኛው ደግሞ ሰው የማያስበው ነው፣ ጎማ ሲተልቅ ማርሹ ይረዝማል፣ በሁለተኛ የምትይዝህ የነበረች መኪና በሁለተኛ አትይዝህም ትሸሻለች። ሽቅብ ደግሞ ድሮ በሦስተኛ የወጣኸውን በሁለተኛ ትወጣዋለህ።

ናፍታ ሞተር ያለ ተርቦ ሲሆን ኸፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። በየ1,000 ሜትሩ ኸጉልበቱ ወደ አንድ አስረኛ ይወስድበታል። ጮቄ አናት ላይ ስትደርስ 4,000 ሜትር ነው፣ ያ ሞተር ኸሦስት እጁ አንዱን እጅ እዚያ ታች ትቶት ነው የወጣው። እሱ ላይ ሰፊ ጎማ ጨምርበትና እየው።

የማርቆሱ_ልጅ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ እንዳሉት ነው፣ አሁንም ቢሆን ድንች ጭኜ ዓባይን ስወጣ ሁለተኛ ላይ ነኝ። ጎማው ማርሹን ያረዝመዋል የሚለውን አላሰብኩትም ነበር።

ሰብለ_ዳንግላ
ጋሼ ያሉትን በቁጥር ላስቀምጠው። 7.50 በ16 ቁመቱ ወደ 806 ሚሊ ሜትር ነው። 33 ኢንች 838 ነው። ልዩነቱ 32 ሚሊ። ግን ዲፍረንሻሉ ያለው ጎማው መሃል ስለሆነ ከፍ የሚለው በግማሹ ነው፣ 16 ሚሊ! አንድ ጣት አትሞላም እኮ። ለአንድ ጣት ብለህ ቸርኬ ልትቀይር፣ ፓራፋንጎ ልታስቆርጥ፣ መሪ ልታከብድ ነው። የፍጥነት ቆጣሪህም 4 በመቶ ይዋሻል፣ 60 ሲልህ 62 ተኩል እየሄድክ ነው።

ይሄን ደግሞ በደንብ ያዘው፣ ባሌስትራ ስታነሳ ዲፍረንሻሉ ከመሬት አይነሳም። የሚነሳው ሻንሲውና ካቢናው ነው። ዲፍረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። 4 ኢንች ብታነሳት ያ ጀርባ ያወጣው መንገድ ያው ይገጭሃል፣ አንተ ብቻ ከፍ ብለህ ነው የምትሰማው 😅

ላንድሮቨር_ናፋቂ
"ከፍ ብለህ ነው የምትሰማው" 😂😂 ገደልሽው

ባህርዳር_ፎርዊል
እሽ ሒሳቡ ልክ ነው አልክድም። ግን ማጥ ውስጥ ሰፊ ጎማ ይንሳፈፋል ቀጭኑ ይሰምጣል፣ ይሄንንስ?

ሰብለ_ዳንግላ
እንደ አፈሩ ነው። የኛ የዳንግላና የእንጅባራ ቀይ አፈር ከላይ ሳሙና ነው ከስር ግን ጠንካራ ነው፣ እዛ ላይ ቀጭን ጎማ ላዩን ቆርጦ ጠንካራውን ይይዝልሃል፣ ሰፊው ላዩ ላይ እየዋኘ ቦይ ውስጥ ይከትሃል። የብቸናና የሸበል ዋልካ ሌላ ነው፣ እሱ ከስር የሚያዝ ነገር የለውም፣ ሐምሌ ላይ ቀጭን ጎማ እስከ አክስሉ ይገባል። በዚህ ልክ ነህ። ግን ዋልካ ጥርስ ውስጥ ሲለጠፍ ሰፊውም ቀጭኑም ሁለት ዙር ሳይሞላ ሊጥ የተለጠፈበት ድንጋይ ነው የሚሆነው። ለዋልካ መድኃኒቱ ሰንሰለት ነው ወይ ደግሞ ሦስት ቀን ፀሐይ መጠበቅ ነው። በቢሮ መኪና ስዞር ስንት ዓመት አይቼዋለሁ፣ ባለ ሰፊ ጎማውንም በበሬ ስቦ ሲያወጣ ያየሁት ገበሬ አለ።

ጎሚስታ_ዘቡሬ
ነፋስ መቀነስንም አትርሱ፣ ከ40 ወደ 25 ዝቅ ስታደርገው ያው ጎማ በርዝመቱ ይተኛና የሚይዘው መሬት ይበዛል። ብቻ ከመነዳሪ ያለው ላይ ከዛ በታች እንዳትወርድ፣ ጎማው ቸርኬው ላይ ሲንሸራተት ከመነዳሪውን ይዞት ይዞርና ነፋስ መሙያውን ከሥሩ ይነቅለዋል። ከማጡ ስትወጣ ደግሞ መልሰህ ሙላ፣ በ25 አስፓልት የነዳ ሰው ማታ እኔ ጋ ነው የሚያድረው።

ባሌስትራ_ሐኪም
ዘግይቼ ነው ያየሁት። ፍኖተ ሰላም ነው የምሠራው ባሌስትራ ነው እንጀራዬ። ሁላችሁም ስንት እናንሳት ትላላችሁ፣ አሁን ስንት ላይ እንዳለች ግን የጠየቀ የለም! የ40 ዓመት ባሌስትራ እኮ ነው። ድንች ተጭኖበት ተጭኖበት ተኝቷል። ወንድሜ መኪናዋን ባዶዋን ሜዳ ላይ አቁምና ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ አራቱንም ለካ። ከዛ ገባ ብለህ ባሌስትራው ቀስት ሠርቷል ወይስ ቀጥ ብሏል እይ። አክስሉና ከላዩ ያለው የመምቻ ላስቲክ መሃል ስንት ጣት እንደሚገባም ለካ። ጎሚኒዎቹንም (የባሌስትራው ዓይን ውስጥ ያሉትን ላስቲኮች) እይ። ቅጠል በቅጠል ቆጥረህ የተሰነጠቀ ካለ ንገረኝ። ይሄን ሳታደርግ ብር እንዳታወጣ።

የማርቆሱ_ልጅ
እሽ ነገ እለካለሁ

የማርቆሱ_ልጅ
ለካሁ። አፈርኩ ጎበዝ። የፊት ግራው ከቀኙ በ3 ሳንቲም ተኩል ዝቅ ብሏል። የኋላው ሁለቱም ባሌስትራ ቀጥ ብሏል፣ እንዲያውም ቀኙ ወደ ላይ ሊቆለመም ምንም አልቀረው። መምቻ ላስቲኩ በአንድ በኩል ጭራሽ የለም፣ በሌላው ሁለት ጣት ነው የሚገባው። ኋላ ግራ ሁለተኛው ቅጠል ተሰንጥቋል፣ መሃል ላይ ደግሞ መልኩ የማይመስል ወፍራም ቅጠል አለ፣ አባቴን ብጠይቀው የአይሱዙ ነው ድሮ ሉማሜ ላይ ተሰብሮብኝ ነው ያስገባሁት አለኝ። ጎሚኒው አልቆ ብረት ከብረት ነው የሚጋጨው፣ እኔ ያን ድምፅ የካሶኒው መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

ባሌስትራ_ሐኪም
ይኸውልህ። መኪናህ አጭር ሆና አይደለም፣ ተቀምጣ ነው። በደህና ቀስት የተሠራ ባሌስትራ ብቻ ብትገጥም ከኋላ 5 ሳንቲም ትመለሳለች ከፊትም ቀላል አይደለም። መምቻው ላይ ስለማትወድቅ ደግሞ ጭነት ይዘህ ጉድጓድ ስትገባ ዲፍረንሻሉ ከመሬት ባይርቅም ካቢናህ አይሰበርም ወገብህም ያርፋል።

ያ ጋራዥ ያለህን ሁለት ቀን እንዲህ ነው፣ አንድ ወፍራም ቅጠል ይጨምሩልሃል ያረጀውን በእሳት አግለው ያጎብጡልሃል። ባሌስትራ በእሳት ከጋለና እንደ ነገሩ ከቀዘቀዘ ብረት ብቻ ነው የሚሆነው፣ ሲወጣ ያምራል በሁለት ወር ተመልሶ ይተኛል ወይ ይሰበራል። ማንጠልጠያ ማስረዘም ደግሞ የባሰ ነው፣ 47 ላይ የፊቱ ማንጠልጠያ ባሌስትራው ፊት ለፊት በኩል ነው ያለው፣ እሱን ስታስረዝመው አክስሉ ወደ ፊት ያዘነብልና የመሪው ካስተር ይጠፋል።

የማርቆሱ_ልጅ
ካስተር ምንድነው ይቅርታ

ባሌስትራ_ሐኪም
ብስክሌት አይተሃል አይደል ሹካው ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው፣ ለዛ ነው እጅህን ብትለቀው እንኳ ቀጥ ብሎ የሚሄደው። መኪናም የፊት ጎማው የሚዞርበት ብረት እንደዛ ወደ ኋላ ጋደል ይላል። ያ መጋደል ሲቀንስ መሪው ካጠፍከው በኋላ አይመለስልህም፣ አስፓልት ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ሹፌሩ ሰክሯል ይሉሃል። በሽብልቅ ብረት ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ሳታበላሸው ለምን ታስተካክለዋለህ።

4 ኢንች ሲሆን ደግሞ ይሄ ብቻ አይደለም። የፍሬኑ ላስቲክ ያጥራል ጎማው ሲንጠለጠል ይወጠራል፣ አሞርዛተሩ ያጥራል፣ ከካምቢዮ ወደ ዲፍረንሻል የሚሄደው ዘንግ ማዕዘኑ ስለሚጨምር ክሮቼራውን (የዘንጉን መገጣጠሚያ) ይበላዋል። ሁሉም ይቀየራል። ባሌስትራውን ከአክስሉ በታች የነበረውን በላይ አድርገን እናንሳልህ የሚልህ ካለ ደግሞ ሻይህን ጨርሰህ ውጣ። የሚሠሩት የሚያውቁ አሉ፣ ግን መሪው ሁሉ እንደ አዲስ ነው የሚሠራው፣ ለድንች መኪና አይደለም።

ባህርዳር_ፎርዊል
እውነቱን ልናገር መቼስ፣ እኔም ፓራፋንጎ አስቆርጫለሁ፣ መሪውን ሙሉ ሳጠፋ ግራው አሁንም ባሌስትራውን ይፈጨዋል፣ የፊት ኩሽኔታም ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ ምክንያቱም ቸርኬው ወደ ውጭ ወጣ ያለ ነው። ግን እኔ ድንች አልጭንም ዓሣ ላጠምድ ነው የምሄደው 😀 ደስ ይለኛል አይቆጨኝም። አንተ ግን እንጀራ የምትበላባት ከሆነች እነሱን ስማ።

ላንድሮቨር_ናፋቂ
ይሄ ልጅ ደህና ሰው ነው ለካ

የማርቆሱ_ልጅ
እሽ ተሸነፍኩ። 33 ቀረ። ግን ከ7.50 ትንሽ ወፈር ያለ ነገር የለም? 235/85 በ16 የሚባል አይቻለሁ

ሰብለ_ዳንግላ
ጥሩ ምርጫ ነው ቁመቱ ከ7.50 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል 806 ሚሊ፣ ስፋቱ ነው ትንሽ የሚጨምረው። ከመነዳሪ ስለማይፈልግ ነፋስም በደንብ ትቀንሳለህ። ግን ቢያንስ 6 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል 5.5ቱ ላይ አይሆንም፣ ቀለበት ባለው ቸርኬ ላይ ደግሞ ነፋስ አይዝም። የ75ን ባለ 6 ኢንች ድፍን (ቀለበት የሌለው) ቸርኬ ካገኘህ ሁለቱንም መግጠም ትችላለህ፣ መንገድ ላይ ችግር ሲመጣ ከመነዳሪ ከትተህ 7.50 ትገጥማለህ፣ ስትመለስ የራስህን።

ጎሚስታ_ዘቡሬ
ልክ ነሽ እህቴ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ጎማ ስትገዛ ጎኑ ላይ ያለውን 4 ቁጥር አንብብ። 2319 ካለ 23ኛው ሳምንት 2019 በፈረንጅ ማለት ነው። አንድ ደንበኛዬን 2019 ገና አልደረሰም ስለዚህ ከአዲስም አዲስ ነው ብለው ሸጠውለት መጣ፣ ያሳቀኝ ሳይሆን ያሳዘነኝ ሰውየው ደስ ብሎት ነበር። ጎማው ላስቲክ ነው ተቀምጦም ያረጃል፣ ያንተው ጎን የተሰነጣጠቀው በፀሐይ ነው።

እና ጭነት እያልክ ባለ ቀጭን ጎን የቤት መኪና ጎማ በዚህ ቁጥር አገኘሁ ብለህ እንዳትወስድ፣ ለጭነት የተሠራውን ነው የምትለው። ጥርሱም መሃል ቤት ይሁን፣ ሙሉ የጭቃ ጥርስ አስፓልት ላይ ያላዝናል ቶሎም ያልቃል፣ አንተ ከግማሽ በላይ የምትሄደው ፒስታና አስፓልት ነው።

ኤንትሬ_ነጂ
ልጄ ጎማ ሳትገዛ ፍሬኑን አሠራ። ሸራውን ለውጥ፣ ታምቡሩ ኸተበላ ቶርኖ አስገባው። መጀመሪያ መቆሟን እወቅ።

የማርቆሱ_ልጅ
እሽ ጋሼ።

የማርቆሱ_ልጅ
ጎበዝ ይቅርታ ጠፋሁ ሰባት ሳምንት ሆነ። ሥራው አልቋል ልንገራችሁ ብዬ ነው። ጋሼ እንዳሉት ፍሬኑን አስቀደምኩ፣ የኋላ ቀኙ ጭራሽ አይዝም ነበር ዘይት እየጠጣ። ባሌስትራው አራቱም አዲስ ሆነ፣ አሞርዛተሩም፣ ጎሚኒውም፣ የአባቴ አይሱዙ ቅጠል ተሰናበተ። ባዶዋን ስትለካ ከኋላ 6 ሳንቲም ተኩል ከፍ አለች፣ ሁለት ሳምንት ድንች ከጫንኩባት በኋላ 5 ላይ ተረጋጋች። የ75 ቸርኬ አራት ብቻ ነው ያገኘሁት፣ 235/85 ገጠምኩ፣ ስኮርታዋ ያው 7.50 ባለ ቀለበቱ ነው ቁመታቸው አንድ ስለሆነ ለመንገድ ይበቃኛል። በድጎ ጽዮን በኩል ሄጄ ተመለስኩ ያ ጀርባ አሁንም አንድ ሁለት ቦታ ነክቶኛል፣ ግን ጎማዬን ቦዩ ውስጥ ሳይሆን ጀርባው ላይ አውጥቼ መንዳት ለምጃለሁ።

አንድ የቀረ ነገር፣ ከ40 በላይ ስሄድ ጎርበጥባጣ ላይ ኋላ ጓ ጓ የሚል ድምፅ መጥቷል። አዲስ ነው።

ባሌስትራ_ሐኪም
ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያሰሩትን ብሎኖች ደግመህ አጥብቀሃል? አዲስ ባሌስትራ ሲቀመጥ ይላላል፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት። መሃሉ ያለችው ፒን ከተቆረጠች አክስልህ ወደ ኋላ ይሸሻል ተጠንቀቅ፣ ዛሬውኑ እየው።

የማርቆሱ_ልጅ
አየሁት፣ ኋላ ግራ አራቱም ዳዶ አንድ አንድ ዙር ሙሉ ዞሩ። ድምፁ ጠፋ። እግዜር ይስጥልኝ።

ላንድሮቨር_ናፋቂ
ያ ባለ ቀለበት ቸርኬ የተረፈው ይሸጣል?

የማርቆሱ_ልጅ
አይሸጥም። ከአራቱ ሦስቱ ዝገት በልቷቸዋል ጎሚስታው ለማንም እንዳትሰጥ ነፋስ እንዳይሞሉበት ብሎኛል። አንዱን እናቴ አገር ያለው ትምህርት ቤት ወስዶ ዋርካው ላይ ሰቅሎታል፣ ዘበኛው በብረት ሲመታው እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማል። ሁለቱ ግቢ አሉ፣ አባቴ አላስነካም ብሏል።

ኤንትሬ_ነጂ
የኤንትሬ ቸርኬ ኸዚያም ይበልጥ ይጮሃል።